የገና ብስኩት በቤታችን፦ ከቤተ ልሔም እርሻ የምንማረው



የልደት በዓል በተቃረበ ቁጥር ሕፃናትን «እስቲ ገናን ሥላችሁ አሳዩን» ስንላቸው፣ ብዙዎቹ ጣሪያው በበረዶ የተሸፈነ ቤትና ነጭ የለበሰ የጥድ ዛፍ ይሥላሉ። ያን በረዶ ያዩት በካርድና በቴሌቪዥን ነው። በዚያው ሰሞን ግን ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሱሉልታን ሜዳ ያነጣውን የታኅሣሥ ውርጭ ይረግጣሉ፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ማሳ፣ የተከመረ ነዶ፣ በጎች የሚያግዱ እረኞች ያያሉ። እነዚህን ግን በሥዕላቸው ውስጥ አናገኛቸውም።

በዚህ ትምህርት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤቶች ከልጆች ጋር ስለሚጋገርና ስለሚያጌጥ የገና ብስኩት እንነጋገራለን። በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ የተካተቱት እነዚህ ከተሞች ለአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች ቅርብ ናቸው፤ ከአውድማውም አልራቁም። ዓላማችን የመጋገርን ሙያ ማስተማር ብቻ አይደለም። የበዓል ጣፋጭ አንዱን ልጅ ሲያስደስት ሌላውን እንዳያሳፍር ምን ማድረግ እንደሚገባን አብረን እንድናስብ ነው።

1. ልማዱ ከየት መጣ?

በአውሮፓ ለልደት ሰሞን ጌጠኛ ብስኩት የመጋገር ልማድ ረጅም ዕድሜ አለው። በጀርመን አገር በማርና በቅመም የሚሠራው ሌብኩኽን የተባለው ጣፋጭ በመካከለኛው ዘመን በገዳማት ይዘጋጅ ነበር። በሆላንድና በቤልጅየም ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ታኅሣሥ 6 ቀን ለሚከበረው ለቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል፣ በተቀረጸ እንጨት የሚታተም ስፔኩላስ የተባለ ብስኩት ይጋገራል፤ በላዩም ብዙ ጊዜ የቅዱሱ ጳጳስ ምስል ይታያል። የበረዶ ቅንጣትና የጥድ ቅርጽም የተለመዱት በእነዚያ አገሮች ገና በጽኑ ብርድ ወቅት ስለሚውል ነው። ሰዎቹ በዙሪያቸው ያዩትን በሊጣቸው ቀረጹ። በእኛ ዘንድ ግን ክረምት የዝናብ ወቅት ነው፤ ገና የሚውለው በበጋ፣ አዝመራ በሚሰበሰብበትና እህል በሚወቃበት ወር ነው። እኛም በዙሪያችን ያለውን ብንቀርጽ የተገባ ነው።

በአገራችን የበዓል ዳቦ ድፎ ነው። በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከታችና ከላይ እሳት ተደርጎለት ይጋገራል። ሕምባሻም ከመጋገሩ በፊት ፊቱ በልዩ ልዩ ጌጥ ይነቀሳል። ስለዚህ ሊጥን ማስጌጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የኋላ እንግዳው ስኳሩ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ስኳር ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። ሆኖም ዛሬም ስኳርና ቅቤ ለሁሉ ቤት እኩል አይደርሱም። የትምህርታችን ቁም ነገር ከዚህ ይጀምራል።

2. ቤተ ልሔም፣ የእንጀራ ቤት

ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው። በግእዝ ሥርዓት ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤትም በዚሁ ስም ቤተ ልሔም ይባላል፤ ኅብስቱም በመስቀል ምልክት ይታተማል። በጓዳችን የሚጋገር ብስኩት ከዚያ ኅብስት ጋር አይነጻጸርም። ነገር ግን ልጆች በሊጥ ዙሪያ ሲሰበሰቡ ጌታ የተወለደባትን ከተማ ስም ትርጉም ለማስረዳት የተመቸ ጊዜ ነው።

ከልደቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ በዚያች ከተማ የሆነውን መጽሐፈ ሩት ይነግረናል። ሩት ሞአባዊት ነበረች፤ ባልዋ ሞቶባት ከአማትዋ ጋር ወደ ቤተ ልሔም የደረሰችው የገብስ አጨዳ በተጀመረበት ወራት ነው። ሕጉ የእርሻ ባለቤት የማሳውን ዳርቻ ፈጽሞ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድኻና ለስደተኛ እንዲተው ያዝዝ ነበር (ዘሌ. 19፥9-10)። ቦዔዝ ግን ሕጉ ካዘዘው አልፎ ሄደ። አጫጆቹ ከነዶው ዘለላ ሆን ብለው እየጣሉ እንዲተዉላት፣ እርስዋንም እንዳያሳፍሯት አዘዛቸው (ሩት 2፥15-16)። ሩትም በገዛ እጇ የቃረመችውን ይዛ ወደ አማትዋ ገባች። ከእርስዋ ዘር ዳዊት፣ ከዳዊትም ዘር በሥጋ ክርስቶስ ተወለደ።

ቦዔዝ እህል ሰጠ፤ ከእህሉ የሚበልጠው ግን የሰጠበት መንገድ ነው። ተቀባይዋ አንገቷን ሳትደፋ እንድትቀበል አሰበላት።

3. እኛ የሠራነው ስሕተት

ይህን ትምህርት ለሌሎች ስናስተምር ቆይተን ራሳችን ረሳነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቁምስና ከልጆች ጋር ብስኩት ለመጋገር ቀን ቆረጥን። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ስኳርና ጥቂት ቅቤ ይዞ እንዲመጣ አስታወቅን። ሐሳቡ ቀና መስሎን ነበር። በቀጠሮው ቅዳሜ ግን ዘወትር ከማይቀሩት ልጆች አምስቱ አልመጡም። ታመው ይሆናል ብለን ዝም አልን።

በማግሥቱ ከመካከላችን አንዲት መምህርት የአንዱን ልጅ ቤት ጎበኙ። አያቱ ቡና አቅርበው ካስተናገዷቸው በኋላ፣ «ልጄ፣ ባዶ እጁን ወደ ሰው ድግስ አይሄድም ብዬ አስቀረሁት» አሏቸው። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሳቸው አልነበረም። ለሁሉ የከፈትነው በር ለአምስቱ ልጆች ተዘግቶ ነበር። ሊጡ ሳይቦካ ማን እንዳለው ማን እንደሌለው ተለይቷል።

በሚቀጥለው ዓመት አሠራራችንን ለወጥን። ከበዓሉ አስቀድሞ በነበሩት ሁለት እሑዶች ክዳን ያለው ትልቅ መሶብ በአዳራሹ ጥግ አስቀመጥን። የቻለ ዱቄት፣ የቻለ ስኳር፣ የቻለ እንቁላል ወይም ማገዶ አኖረ፤ ያልቻለም ምንም ሳያኖር አለፈ። ማን ምን እንዳመጣ የጻፈ አልነበረም። በቀኑ ሁሉም ልጆች ከአንድ ሊጥ ጋገሩ።

4. አሠራሩ

ለአርባ ያህል ትንንሽ ብስኩት የሚያስፈልገው፦ 400 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም ለስላሳ ቅቤ፣ 150 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ በስሱ የተፋቀ።

ቅቤው የገበታ ቅቤ ቢሆን መልካም ነው። ለጋ ቅቤ የሚገዛ ሰው ግን አሬራው ተሟጦ ውሃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ይጠበው። በቅመም የተነጠረ ቅቤ የወጥ ጣዕም ስለሚሰጥ ለዚህ አይሆንም።

ቅቤውንና ስኳሩን አንድ እስኪሆኑ ማሸት፤ እንቁላሉንና የሎሚውን ልጣጭ መጨመር፤ ከዚያም በወንፊት የተነፋውን ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን ጨምሮ ሳያበዙ መለወስ። ሊጡን ሸፍኖ በቀዝቃዛ ስፍራ ለአንድ ሰዓት ማሳረፍ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት አይጨነቅ፤ የታኅሣሥ ማለዳ ብርድ ይበቃል። ከዚያ ሊጡን በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጦ ቅርጽ ማውጣትና በ180 ዲግሪ ሙቀት ከ8 እስከ 12 ደቂቃ መጋገር ነው። ጠርዙ ወርቃማ መሆን ሲጀምር ይወጣል፤ መካከሉ ለስላሳ ቢመስልም ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

በመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ አገር የተገኘ መመሪያ እንዳለ ተከትለን ኮከቦቻችን ተንጣለው እርስ በርስ ተያያዙ። ምክንያቱ የአገራችን ከፍታ ነው። ውሃ በባሕር ወለል አጠገብ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እንደ ሱሉልታ ባለ ከፍተኛ ስፍራ ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው አየር በኃይል ይነፋል፤ እርጥበቱም ፈጥኖ ስለሚተን ስኳሩ በሊጡ ውስጥ ይበረታና ቅርጹን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ከላይ በሰጠነው ልክ ስኳሩንና ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሰናል። አሁንም የሚንጣለል ከሆነ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት መጨመር ነው።

ኦቭን የሌለው ወይም መብራት የጠፋበት ቤት እንደ ድፎው ማድረግ ይችላል። በወፍራም ብረት ድስት ግርጌ ንጹሕና ደረቅ ጠጠር አንጥፎ በዝግታ ማሞቅ፤ በላዩ ትንሽ ትሪ ማስቀመጥ፤ ከክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም ማድረግ። ይሁን እንጂ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይነድም፤ የማይታይና የማይሸት ጭሱ ሰው ይገድላል። ብርዱ ቢበረታም ሥራው በደጅ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተ ማእድ ቤት ይሁን።

ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለሚጾም፣ ትምህርቱ በጾሙ ቀናት የሚሰጥ ከሆነ በቅቤው ፈንታ 160 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በእንቁላሉ ፈንታ አራት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይደረጋል። ይህ ሊጥ ለመዳመጥ ስለማይመች በእጅ አድቦልቡሎ በብርጭቆ ቂጥ መጫን ይሻላል። የቅቤው ግን ለታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስም ለታኅሣሥ 28፣ ይቆይ።

የስኳሩ ቅብ፣ በኬክ ቤቶች አይሲንግ የሚባለው፣ ከ250 ግራም የስኳር ዱቄትና ከሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ውሃ ይሠራል። የስኳር ዱቄት ካልተገኘ ስኳሩን በንጹሕ ሙቀጫ ወቅጦ በጥሩ ወንፊት መንፋት ነው፤ ቡና ወይም በርበሬ የተወቀጠበት ሙቀጫ ግን ጣዕሙን ያበላሻል። ለቀለም የቀይ ሥር ጭማቂ ሐምራዊ፣ ቁንጥር እርድ ደግሞ ቢጫ ይሰጣል። በጥሬ እንቁላል ነጭ የሚሠራውን ቅብ ለሕፃናት አንመክርም፤ ጥሬ ሊጥም እንዳይልሱ መከልከል ይገባል፤ ሁለቱም ሕመም ሊያመጡ ይችላሉና። ቅቡ የሚቀባው ብስኩቱ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

5. ቅርጾቹና ትርጉማቸው

የቅርጽ ማውጫ መግዛት ግዴታ አይደለም። ቅርጹን በወፍራም ወረቀት ቆርጦ በሊጡ ላይ አስቀምጦ በቢላ ጫፍ መከተል ይበቃል። ለልጆቻችን አራት ቅርጾችን መርጠናል።

ኮከብ፦ ሰብአ ሰገልን የመራው ብርሃን ነው። መምህሩ ከሩቅ የመጡ እንግዶች እንዴት እንደተቀበሉ ይጠይቅ።

በግ፦ የምሥራቹን አስቀድመው የሰሙት ሌሊቱን በሜዳ ያደሩ እረኞች ናቸው። የታኅሣሥን ሌሊት ብርድ የሚያውቁ ልጆቻችን ይህን ከሌላው ይልቅ ይረዱታል።

የገና ዱላ፦ እረኞቹ የልደቱን ዜና ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ፣ የገና ጨዋታም ከዚያ ተገኘ ተብሎ በአገራችን ይነገራል።

የገብስ ዘለላ፦ ቦዔዝ ለሩት ያስተወላት ነው። ይህን ቅርጽ የመጨረሻ እናደርገዋለን፤ የሚቀጥለውን ሥራ ያስታውሰናልና።

6. አከፋፈሉ

ብስኩቱ ተጋግሮ ካጌጠ በኋላ ልጆቹ እኩል ይካፈላሉ፤ አንዱ ስላበላሸው አይቀነስበትም፣ ሌላው ስላሳመረው አይጨመርለትም። እያንዳንዱም ሁለት ድርሻ ይሰጠዋል፦ አንዱ ለቤቱ፣ ሁለተኛው ለመረጠው ጎረቤት። የካቶሊክ ቤት ይሁን የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንት ይሁን የእስላም፣ ምርጫው የልጁ ነው። እንዲህ ሲሆን ምንም ይዞ ያልመጣው ልጅም ሰጪ ሆኖ በጎረቤቱ ደጅ ይቆማል። በመሶቡ ስም ሳንጽፍ ያኖርነው ዱቄት እንደ ቦዔዝ ዘለላ ሆኖ በእርሱ እጅ ይገኛል።

የዚያ ልጅ አያትም በተከታዩ ዓመት ልጁን ላኩት። ማምሻውን ሲመለስ በወረቀት የተጠቀለለውን አንዱን ድርሻ ለእርሳቸው ሰጥቶ፣ ሁለተኛውን ወደ ጎረቤት ይዞ እንደ ሮጠ በኋላ ነገሩን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን በምናዘጋጃቸው በዓላት «ይዛችሁ ኑ» የምንለው ነገር የሚያስቀረው ሰው አለን? እንዴት እናውቃለን?

ለ. ቦዔዝ እህሉን በቀጥታ ሊሰጣት ሲችል ሩት እንድትቃርም የተወው ለምን ይመስላችኋል?

ሐ. በአካባቢያችሁ በታኅሣሥ ወር ከሚታየው ነገር በብስኩት ላይ ልትቀርጹት የምትወዱት ምንድን ነው? ከልደቱ ታሪክ ጋርስ እንዴት ይገናኛል?

መ. በዚህ ገና ሁለተኛውን ድርሻ ለማን ትወስዳላችሁ?

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።