ባለሞያ ጉዳትን አስቀድሞ ስለሚያውቅበት ምልክት

ጭሮ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጨርጨር ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ ናት። ለብዙ ዘመን አሰበ ተፈሪ ተብላ ኖራለች፤ ይህም ስም በራስ ተፈሪ መኰንን ስም የወጣላት ነው። ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በፊት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩሲያ አገር የተማሩና በአማርኛ የመጀመሪያውን ቴአትር የጻፉ ሰው ሲሆኑ፣ አውራጃውን ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን አድርገው ለማደራጀት ደክመዋል።

ነገር ግን በከተማይቱ ዙሪያ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ያለው የሥራ ዕውቀት ከከተማይቱ ይልቅ የቆየ ነው። አብዛኛው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በገበሬው ዓይን፣ በነጋዴው ጥርስ፣ ቡና በምትቆላው ሴት ጆሮ ውስጥ ይገኛል። ባለሞያ ከሌላው ሰው የሚለየው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ምልክቱን በማየቱ ነው። ምልክቱን ብቻ ይዞ ምክንያቱን የማያውቅ ግን ነገሩ ጥቂት በተለወጠ ጊዜ ይሳሳታል። ስሕተቱም አንዳንድ ጊዜ ነፍስ ያጠፋል፤ የእህል ጉድጓድ ለዚህ ምስክር ነው።

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ወቅቶና አበጥሮ በጉድጓድ ያኖረዋል። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ እንደ እንስራ የተቆፈረ ነው። ዙሪያው ገለባ ይለብሳል፤ እህሉ ከገባ በኋላ አፉ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። በዚያ ጨለማ የተዘጋው እህል በድን አይደለም፤ ሕይወት ያለው ዘር ስለሆነ ይተነፍሳል። ሲተነፍስም ኦክሲጅን የሚባለውን ለሕይወት የሚያስፈልገውን አየር እየጨረሰ፣ ካርቦን ዲዮክሳይድ የሚባለውን ያወጣል። በዚህ ጊዜ ነቀዙ የሚተነፍሰውን አጥቶ ይሞታል፤ እህሉም ሳይበላ ይቆያል። እንግዲህ እህሉን ከነቀዝ የሚጠብቀው ያው አየር፣ ጉድጓዱ በተከፈተ ዕለት የሚገባበትን ሰው ይገድላል።

ይህ አየር ከተራው አየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። የገባው ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ለመጮኽ እንኳ ሳይችል ይወድቃል። ከዚህም የሚከፋው የሚከተለው ነው፤ በላይ የቆመው ወንድሙ ወይም ልጁ አዝኖ ሊያወጣው ዘልሎ ይገባል፤ እርሱም ከጎኑ ይወድቃል። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ሰው የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ጉድጓዱን ከፍቶ ወዲያው አይገባም። አፉን ገልጦ ለብዙ ሰዓት ይተወዋል፤ ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ አስሮ ደጋግሞ ወደ ታች እየሰደደ ወደ ላይ እየሳበ አየሩን ያናውጠዋል። ከዚያ በኋላ ኩራዝ አብርቶ በገመድ ያወርዳል። መብራቱ ከጠፋ ጉድጓዱ ገዳይ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ መብራቱ ካልጠፋ ጉድጓዱ ደኅና ነው ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ሰውን የሚያደክም አየር ሁሉ እሳትን አያጠፋምና። በመሆኑም መብራቱ ቢበራም እንኳ የሚገባው ሰው በብብቱ ሥር ገመድ ታስሮ፣ በላይ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች ገመዱን ይዘው ሊቆሙ ይገባል። ከወደቀ በገመዱ ይሳባል እንጂ ማንም ተከትሎት አይገባም። ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎችም ከዚሁ ይጠንቀቁ። ልጆች በተከፈተ የእህል ጉድጓድ አፍ ላይ እንዳይጫወቱ መከልከል የትምህርት ቤቱም የወላጆቹም ሥራ ነው።

ይኸው ማሽላ በማሳ ላይ ሳለ ሌላ ምሥጢር አለው። የሐረር ሰንጋ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ገበሬው በሬውን በደጁ አስሮ በእጁ እያበላ ያደልበዋል። ማሽላውን አብዝቶ ይዘራና ሲበቅል እያሳሳ ይነቅለዋል፤ የተነቀለው ለበሬው መኖ ይሆናል፤ አንዱ እርሻ ሰውንም ከብትንም ይቀልባል። ይህን የመሰለ ብልሃት በብዙ አገር አይገኝም። ሆኖም ለጋ ማሽላ በከብት ሆድ ውስጥ ሲያናይድ ወደሚባል መርዝ የሚለወጥ ነገር አለበት። ይልቁንም ዝናብ አጥሮት የቀጨጨው፣ ከታጨደም በኋላ ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቆጠው ይከፋል። የተራበ ከብት በድንገት ገብቶ ቢበላው ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይንገዳገዳል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። አስተዋይ አርቢ እንዲህ ያለውን ቡቃያ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ በፀሐይ ያሰጣዋል፤ አብዛኛው መርዝ በኖ ይጠፋልና። የተራበውንም በሬ አስቀድሞ ሌላ ገለባ ያበላዋል። ጥቂት ብቻ የጠወለገውን መስጠት ግን ከንቱ ጥንቃቄ ነው፤ መርዙ ገና አልወጣምና።

የማሽላ ሌላው ጠላት አቀንጭራ ነው። ባለ ሐምራዊ አበባ ያማረ ተክል ስለሆነ የማያውቀው ሰው ያደንቀዋል፤ እርሱ ግን ከመሬት በታች በማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጥጣል። አንዱ አቀንጭራ በብዙ ሺህ የሚቈጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ይሰጣል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ነገር ባገኘ ጊዜ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይህን ምክንያት መርምረው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ስላስገኙ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በኢትዮጵያ ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዘሮች የዚህ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። ይህን ዘር ያላገኘ ገበሬ አቀንጭራውን ሳያብብ ሊነቅል ይገባዋል፤ አበባውን አይቶ ዘር እስኪጥል የቆየ ገበሬ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ጠላት ዘርቷል።

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ መንገዱ አምስት መቶ ሜትር ያህል ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ጭነት የያዘ ሾፌር ፍሬን ብቻ ተማምኖ ቢወርድ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ይተዋል። ብልህ ሾፌር ቁልቁለቱን ሳይጀምር በከባድ ማርሽ ይገባና መኪናውን በሞተሩ ይይዛል፤ የመቃጠል ሽታ ከመጣ ግን ጊዜው አልፏል፤ ቶሎ መቆም ብቻ ይቀራል። በሚኤሶ በኩል የምድር ባቡር አለ። የቀድሞው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በባቡር ሥራ የቆየ ልማድ ጎማውን በመዶሻ መምታት ነው፤ ደኅናው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ግን ይደነቁራል።

በገለምሶና በበዴሳ ዙሪያ ቡና የሚሰበስበው ባለሞያ ቀዩን ፍሬ ብቻ ይለቅማል። ጀንፈሉን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አስጥቶ በየጊዜው ያገላብጠዋል፤ በአፈር ላይ የደረቀ ቡና የአፈር ጣዕም ይይዛልና። መድረቁን የሚያውቀው እፍኝ አንሥቶ በጆሮው አጠገብ በመነቅነቅ ነው፤ ፍሬው በልባሱ ውስጥ ይንሿሿል። ነጋዴው ደግሞ ፍሬውን በጥርሱ ይነክሰዋል። እርጥብ ከሆነ የጥርስ ምልክት ይቀርበታል፤ የደረቀው ግን ይሰበራል። ዛሬ በመሣሪያ ሲለካ ከመቶው እጅ እርጥበቱ 12 የማይበልጠው ለመጋዘን የሚበቃ ነው፤ ከዚያ በላይ ሆኖ በጆንያ የገባ ይሻግታል።

ከሥራ በኋላ በሚሆነው ዕረፍት ይኸው ቡና በየቤቱ ይቆላል። የምትቆላው ሴት ጭሱን ታያለች፤ ይበልጥ ግን ጆሮዋን ትሰጣለች። ፍሬው መጀመሪያ ሲንጣጣ ውስጡ የነበረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ እየሰበረው መውጣቱ ነው፤ እርስዋም በዚያን ጊዜ እጅዋን ታፈጥናለች፤ ከዚህ በኋላ ፍሬው ለማረር የሚፈጅበት ጊዜ አጭር ነውና።