ቦስተሩን ከመግዛትህ በፊት

ቆይ እስቲ ወንድምዓለም፣ ብሩን ኪስህ መልሰው። መጀመሪያ በሪሞቱ ሜኑ ውስጥ ግባና ሲግናል የሚለውን ክፈት። ሁለት መስመር አየህ? የላይኛው ስትሬንግዝ ነው፣ የታችኛው ኳሊቲ። አንተ ላይኛው ላይ አፍጥጠሃል፤ እኔ የምልህ ታችኛውን እይ ነው።

ስትሬንግዝ ወደ ሪሲቨሩ ምን ያህል ኃይል እንደገባ ብቻ ነው የሚነግርህ። ዲሹ ፊት ላይ ያለው መቀበያ፣ ኤልኤንቢው፣ ከ50 እስከ 60 ዲቢ ስለሚያጎላ፣ ዲሹ ባዶ ሰማይ ቢያይ እንኳ የራሱን ጫጫታ አጉልቶ ይልክና መስመሩ ከፍ ይላል። ኳሊቲ ግን የሳተላይቱ ሲግናል ከጫጫታው ምን ያህል ተለይቶ እንደተነበበ ያሳያል። ኳሊቲው ዜሮ ሆኖ ቦስተር መጨመር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ቦስተር ሁለቱንም እኩል ያጎላቸዋል።

ደግሞ ኃይሉ ሲበዛም ይጎዳል። ብዙ ሪሲቨሮች የሚቀበሉት ከ−65 እስከ −25 ዲቢኤም ድረስ ነው። ከዚያ ካነሰ ሪሲቨሩ አያነበውም፤ ካለፈ ደግሞ ይታፈንና ምስሉ ልክ ሲግናል እንዳነሰው ይቆራረጣል። ቦስተር የሚያስፈልገው ገመዱ በጣም ረጅም ሲሆን ነው፤ የእናንተ ከጣሪያ እስከ ሳሎን ነው።

ይልቅ ዲሹን አስተካክለው። 57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ኢትዮሳት ከእናንተ ከተማ ከአኖ የምታገኘው ፊትህን በምሥራቅ ወዳለችው ባኮ አዙረህ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ሸርተት ብለህ ነው። ከፍታው 64 ዲግሪ ግድም ስለሆነ ዛፍ ብዙም አይጋርደውም። በምዕራብ በኩል ያለው ናይልሳት ግን 38 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ባደገ ቁጥር እሱ ነው የሚጠፋብህ። ዲሹን በጥቂት በጥቂቱ ስታንቀሳቅስ አንድ ሰው ከታች ኳሊቲውን ይጥራልህ። ከዚያ ኤልኤንቢውንም ከመያዣው ላይ ትንሽ አዙረህ ሞክረው።

ገመዱን ከመንካትህ በፊት ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀል። ለኤልኤንቢው 13 ወይም 18 ቮልት የሚሄደው በዚያው ገመድ ስለሆነ፣ ሽቦዎቹ ከተነካኩ ሪሲቨሩ ሊቃጠል ይችላል። ኮኔክተሩ ዝጎ ወይም ውኃ ገብቶበት ካገኘኸው ቀይረውና አፉን በደንብ አሽገው።

ይህን ሁሉ ሰኔ ሳይገባ ጨርስ። የድሮው አንቴና ምስሉን ቀስ በቀስ እያደበዘዘ ያስጠነቅቅህ ነበር፤ ዲጂታል እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይቆይና ድንገት ድርግም ይላል። የወለጋ ዝናብ ደግሞ ሲግናሉን ይቀንሳል፣ ጫጫታውንም ይጨምራል። ዛሬ በፀሐይ ለጥቂት የሚሠራ ቻናል ሐምሌ ላይ አይኖርህም።

ዲሽ ሠሪ ከጠራህም፣ ከመክፈልህ በፊት በጣም ደካማ የሆነውን ቻናል አስከፍተህ ኳሊቲውን አሳየኝ በለው። ቁጥሩ ካልጨመረ ሥራው አላለቀም።