ስለ አሮጌ ብስክሌት

ብስክሌት ሁለት መንኰራኵር ያለው፥ በእግር ኃይል የሚሄድ የብረት ተሽከርካሪ ነው። ሣር አይግጥም፥ ገብስ አይሻም፥ በሌሊትም ጅብ አይበላውም። ነገር ግን ልጆች ሆይ፥ እንደ በቅሎ ሁሉ የጌታውን ዓይን ይፈልጋል፤ ጌታው ቸል ያለው እንደ ሆነ ዝገት ይበላዋልና። በዚህ ትምህርት አሮጌ ብስክሌት እንዴት እንደሚሰበሰብ፥ እንዴት እንደሚታደስና እንዴት እንደሚነዳ እንናገራለን። የምንጠቅሰው ዓመት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1817 ካርል ፎን ድራይስ የተባለ የጀርመን ሰው ሁለት የእንጨት መንኰራኵሮች በአንድ እንጨት አጋጥሞ ማንሃይም በምትባል ከተማ ሄደበት። ፔዳል አልነበረውም፤ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሮጥ ነበር እንጂ። በ1860ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ከተማ በፊተኛው መንኰራኵር ላይ ፔዳል ተደረገበት። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ፍጥነት ፈልገው ፊተኛውን እጅግ ትልቅ፥ ኋለኛውን እጅግ ትንሽ አደረጉት፤ በርሱ ላይ የተቀመጠ ሰው በፈረስ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ከፍ ይል ነበር፥ ሲወድቅም በአፍጢሙ ይደፋ ነበር። በ1885 በኮቨንትሪ ከተማ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱን መንኰራኵሮች ወደ መተካከል አቅርቦ፥ የእግሩን ኃይል በሰንሰለት ወደ ኋላ አሻገረው። ዛሬ በመቱ ገበያ የምታዩት ብስክሌት የዚያ የልጅ ልጅ ነው። በ1887 ደግሞ በቤልፋስት የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የከብት ሐኪም ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት አየር የተሞላ ጎማ አበጀለት፤ በሚከተለውም ዓመት ሥራውን በስሙ አስመዘገበ። አንድ የከብት ሐኪም ለልጁ ያሰበው ነገር ይኸው በዓለም ሁሉ ይሽከረከራል።

በአገራችን ብረት የሚነካውን ሰው ቀጥቃጭ እያሉ መናቅ የቆየ ክፉ ልማድ ነበረ። ዐፄ ምኒልክም የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ቢሆንም የሰው አፍ ቶሎ አይዘጋም። እጁ በግራሶ የጠቆረውን ጠጋኝ የሚንቅ ተማሪ ካለ ይህን ይስማ። በአሜሪካ አገር ኦሃዮ በሚባለው ክፍል፥ ዴይተን በምትባል ከተማ፥ ዊልበርና ኦርቪል ራይት የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ብስክሌት ይጠግኑና ይሸጡ ነበር። ሰንሰለቱን፥ ሽቦውን፥ ሚዛን መጠበቁንም ከዚያው ሥራቸው ተምረው በ1903 በሞተር የሚበር አውሮፕላን ሠርተው በረሩ። የመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ ብቻ ነበረ።

ኢትዮጵያም በብስክሌት የታወቀችበት ጊዜ አለ። አበበ ቢቂላ በሮም ከመሮጡ ከ4 ዓመት በፊት፥ በ1956፥ ይኸውም በእኛ በኅዳር 1949 ዓ.ም.፥ አገራችን በመጀመሪያ ወደ ኦሊምፒክ ስትሄድ፥ ከሯጮች ጋር ገረመው ደንቦባ፥ መስፍን ተስፋዬ፥ ፀሐየ ባህታና ንጉሤ መንግሥቱ የተባሉ ብስክሌተኞች ሜልቦርን ድረስ ሄደው ተወዳድረዋል። በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ አገር ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቅ ውድድር የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ኢሉባቦር እንመለስ። ከብዙ ዘመን በፊት ከውጭ አገር የሚመጣው ዕቃ በሱዳን በኩል በመርከብ ተጭኖ፥ የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ እስከ ጋምቤላ ይደርስ ነበር፤ ከዚያ በበቅሎ እየተጫነ በቡሬ አድርጎ ወደ ጎሬ ይወጣ ነበር። እንዲህ በድካም ይመጣ ስለ ነበር የብረት ዕቃ የሚጥለው ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ሰው አዲስ ዕቃ ቶሎ ስለሚያገኝ፥ አሮጌው ብስክሌት ከቤቱ ጀርባ ይጣላል፤ ዶሮም ይሰፍርበታል። በመጨረሻ ቆራሌው በሚዛን ገዝቶት ይሄዳል። ዝናቡስ እንዴት ነው! ኢሉባቦር ከኢትዮጵያ ምድር ዝናብ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ዝገት ማለት ብረት ከውኃና ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ለውጥ ነውና፥ በድሬዳዋ ብዙ ዓመት የሚቆይ ብረት በጎሬ ጣራ ካልተደረገለት ቶሎ ይጐዳል።

እንግዲህ አሮጌ ብስክሌት ያገኘህ እንደ ሆነ አስቀድመህ አትጥረገው፤ ተመልከተው። የመንኰራኵሮቹን ሽቦዎች ቍጠር። የድሮ የእንግሊዝ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ከፊት 32፥ ከኋላ 40 ሽቦ አለው። በፍሬኑ ገመድ ፈንታ ረጅም የብረት ዘንግ ካለው ከዚያ ወገን ነው፤ የህንድና የቻይና ፋብሪካዎችም በዚያው አምሳል ብዙ ሠርተዋል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ የአንዱ ዕቃ ብዙ ጊዜ ለሌላው ይስማማልና።

ዝገቱን በላምባ አርሰህ አሳድረው፥ በማግሥቱም በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልክ ፍቀው። ለትንንሹ ዕቃ የሎሚ ውኃም ይበቃል፤ ነገር ግን ሎሚ ራሱ ብረት የሚበላ ኮምጣጣ ነውና በውኃ አጥበህ፥ አድርቀህ፥ ወዲያው ዘይት ቀባው። ፔዳሉን ስትፈታ ተጠንቀቅ። የቀኙ እንደ ማናቸውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው ግን ክሩ የተገለበጠ ስለ ሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ያላወቀ ጉልበተኛ ብዙ ጊዜ እየፈታሁ ነው ሲል ያጠብቀዋል፥ መፍቻውንም ያበላሻል። እንዲህ የተደረገበት ምክንያት ጋላቢው ሲረግጥ ፔዳሉ በራሱ ጊዜ እንዳይፈታ ነው።

የኋለኛውን መንኰራኵር መካከል ስትፈታ ከበታቹ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፍ። በውስጡ ያሉት የብረት ጥይቶች አብዛኛውን ጊዜ በያንዳንዱ ወገን 9 ናቸው፤ አንዲቱ ብትጠፋ ሥራው ይጐድላል፥ አንዲቱ ብታረጅም ሁሉንም ባንድነት ለውጥ። በላምባ አጥበህ አዲስ ግራሶ አድርግባቸው። ሰንሰለቱን ደግሞ በማስመሪያ ለካው። ጤነኛ ሰንሰለት ከአንዱ ችንካር ጀምረህ 24 መጋጠሚያ ስትቈጥር 30 ሴንቲሜትር ከግማሽ ያህል ይሆናል። ወደ 31 የተጠጋ እንደ ሆነ አልቋል፤ ብትተወው የጥርሱን ብረት እየበላ ሁለት ዕዳ ያመጣብሃል።

የተነፈሰውን ካላማዳሪ ነፍተህ በውኃ ውስጥ አጥልቀው፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አድርቀህ፥ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረህ፥ ማስቲሽ ቀባው። ወዲያው አትለጥፍ፤ ማስቲሹ ለጣት እስኪደርቅ ጠብቅ። የሚቸኩል ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይለጥፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፍሬኑ ነው። የድሮ ብስክሌት ቸርኬ ብረት ነው፤ ሲደርቅ ላስቲኩ ይይዘዋል፥ ዝናብ ሲመታው ግን ላስቲኩ እንደ ሳሙና ይንሸራተትበታል። ጎሬ በተራራ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ መቱ ግን ዝቅ ብላለች። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። በዝናብ ቀን በዚያ ቁልቁለት በአሮጌ ብስክሌት የሚወርድ ሰው ፍጥነት ከመያዙ በፊት ፍሬኑን ደጋግሞ በቀስታ ይንካ፥ ላስቲኩ ከቸርኬው ላይ ውኃውን ይጠርግለት ዘንድ። ቁልቁለቱ ከበረታ ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም።

በሌላ አገር አሮጌ ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አላቸው። በእንግሊዝ አገር ከ1955 ጀምሮ እንዲህ ያለ ማኅበር ቆሟል። በኢጣልያም ቶስካና በሚባለው ክፍል፥ ጋዮሌ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ከ1997 ጀምሮ ኤሮይካ የሚባል የብስክሌት ጉዞ ይደረጋል፤ የሚገባውም ከ1987 በፊት በተሠራ ብስክሌት ነው። አቧራማ መንገድ ፈልገው ከሩቅ አገር ይሄዳሉ ሲባል ይገርማል፤ እኛ ሳንፈልገው ከደጃችን አለልን። ገንዘብ ያለው ሰው 10 ወይም 20 ይሰበስባል። እኔ ግን 20 ብስክሌት ቈልፎ አንዱንም ከማይነዳው ሰው ይልቅ፥ አንዱን ጠግኖ ገበያ የሚሄድበትን አከብራለሁ።

አሁን ለምሳሌ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከገጠር መጥቶ በመቱ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ተማሪ ነበረ። ከአንድ የቡና መጋዘን ጥግ አሮጌ የእንግሊዝ ብስክሌት አይቶ በጥቂት ብር ገዛው። ከትምህርት በኋላ በአንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ደጅ እየተቀመጠ ሦስት ወር ሠራበት። ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ አስቀድመህ ፍሬኑን፥ ቀጥለህ መሪውን፤ ቀለሙ በመጨረሻ ይሁን» ይለው ነበር።

አንድ ቀን የፊተኛውን ጎማ የሚይዘውን መንታ ብረት ሲፍቅ፥ በላይኛው ጫፍ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየ። ዙሪያውን ተመለከተ፤ ያየው ሰው አልነበረም። ጥቁር ቀለም ቀባበት፤ ሲደርቅም ስንጥቁ ጠፋ።

በሳምንቱ ከጎሬ አንድ የቡና ነጋዴ መጣ። የሚያብረቀርቀውን ብስክሌት አይቶ፥ «ይህስ ለልጄ ይሆናል፤ ስንት ነው?» አለ። የተስማሙበትም ዋጋ የተማሪውን የዓመት የቤት ኪራይ ከፍሎ ለደብተርም የሚተርፍ ነበር። ነጋዴው ገንዘብ ሊያመጣ ሲሄድ ተማሪው ወደ ሽማግሌው ቀርቦ ነገሩን ሁሉ ነገረው።

«ጋሼ፥ ብረቱ ይህን ያህል ዘመን ኖሯል፤ ከእንግዲህስ ይኖር ይሆናል» አለ።

ሽማግሌው ሥራውን ሳያቋርጥ፥ «ብስክሌቱ ያንተ ነው፥ ልትሸጠው ትችላለህ። ከመሸጥህ በፊት ግን ከጎሬ እስከ መቱ አንድ ጊዜ አንተ ራስህ ውረድበት» አለው።

ተማሪው ዝም አለ። ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ በመጣ ጊዜ የብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ በፊቱ ቀለሙን ፋቀና ስንጥቁን አሳየው።

«ታዲያ ስለ ምን ቀባኸው?» ብሎ ነጋዴው ተቈጣ።

«እንዳያዩት ብዬ ነው፥ ጌታዬ» አለ ተማሪው።

ነጋዴው ገንዘቡን ወደ ኪሱ መልሶ ሌላ ቃል ሳይናገር ሄደ። በዚያ ዓመት ተማሪው የቤት ኪራዩን የከፈለው ቅዳሜና እሑድ ቡና እየለቀመ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በበደሌ ከተሰበረ የህንድ ብስክሌት የወጣ መንታ ብረት አግኝቶ ገጠመው፤ ልክ ሆነለት። እርሱ አረንጓዴ፥ የቀረው ግን ጥቁር ስለ ሆነ የሰፈሩ ልጆች ሳቁበት፤ ነገር ግን ቀለም አልቀባውም። የተሰነጠቀውን ብረት ሽማግሌው በደጁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ አሮጌ ብስክሌት ሊገዛ የሚመጣውንም ሰው ሁሉ፥ «አስቀድመህ ጣትህን በዚህ ላይ አድርግ» ይለዋል።