ሞትን በመንዙማ እናነሳለን፤ ወሲያውንስ?



«የእኛ ሰው ስለ ሞት መነጋገር አይወድም» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። አባባሉን እንዳለ ለመቀበል ግን እቸገራለሁ። ሞት በየጁምዓው ኹጥባ ይነሳል። በየጀናዛው፣ መቃብር አፋፍ ላይ ቆመን ይነሳል። በየመውሊዱና በየዱዓው ሌሊት አውራጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ቀብር ጨለማ፣ ስለ ሙንከርና ነኪር ጥያቄ ሲያወርድ ቤቱ ሙሉ አብሮት ይቀበላል፤ በገበያ ልበ ደረቅ የሚባለው ነጋዴ ሳይቀር በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። እንግዲህ ስለ ሞት እንናገራለን፤ አሳምረንም እንናገራለን። የማንናገረው ስለ ገዛ ሞታችን ነው። የማን ገንዘብ እንዳለብን፣ የማን አደራ በእጃችን እንደሚገኝ፣ ልጆቻችንን ማን ቢያሳድግልን እንደምንመርጥ ለትዳር ጓደኞቻችን እንኳ ሳንነግር ዓመታት ያልፋሉ። ታዲያ ሰውን ሰብስቦ ስለ ሞት የሚያናግር ይህን የመሰለ ጥበብ በእጃችን እያለ፣ ከዕንባው አልፎ ወደ ዝግጅቱ እንዲወስደን ያላደረግነው ለምን ይሆን?

የወሎ ዑለማዎች ጥበቡን ያበጁት ለማስተማሪያ ነበር። ዓረብኛ የማያውቀው ገበሬና ከቤት የማትወጣው እናት ዲናቸውን እንዲያውቁ በአማርኛ ገጠሙ፤ ግጥሙንም ዓጀም በሚባለው አጻጻፍ፣ በዓረብኛ ፊደል አስቀመጡት። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩት ሸኽ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈር በዚህ ከሚታወቁት አንዱ ናቸው። የመንዙማ ኃይሉ በአቀራረቡ ነው። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ስንኙ ሐዘንህን ሲነካው ብቻህን አይደለህም፤ ጎረቤትህም ያንኑ አዝማች እያለ ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ ሰው እዚያ ቢያለቅስ ማንም አይታዘበውም። ለአባቱ ያልቅስ ለወንጀሉ ማን ያውቃል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። መንዙማን፣ በተለይም ድቤውንና ጫቱን አስመልክቶ በዑለማዎቻችን መካከል ያለው ክርክር የታወቀ ነው፤ እኔ እዚህ አልገባበትም። ድቤ የማይወድ ሰው መንዙማ ባልሁበት ቦታ ሁሉ ያለ ድቤ የሚባል ነሺዳ ወይም ተራ ግጥም ይተካ። ነገሬ አይለወጥም።

ሐዘንን በዕንባና በቃል መግለጽማ ከጥንቱም የተከለከለ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል፤ ልባቸው ማዘኑንም በአንደበታቸው ተናግረዋል። የከለከሉት ፊትን መምታትን፣ ልብስን መቅደድን፣ እየጮኹ ማሟሸትን ነው። ለወንድሟ ለሶኽር በገጠመችው የሐዘን ግጥም በዓረቦች ዘንድ ስሟ የገነነው አል-ኸንሳእ ኢስላምን ተቀብላ ከሶሐባ ሴቶች ተቆጥራለች፤ ገጣሚነቷም አልተነቀፈባትም። ስለዚህ ጥያቄው «ግጥም ለሐዘን ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው አይመስለኝም። ግጥሙ ካለቀ በኋላ ምን እንደምናደርግ ነው መጠየቅ ያለብን።

የማውቀው አንድ ነጋዴ ነበር። አላህ ይዘንለትና ቤቱ የዱዓ ቤት ነበር ማለት ይቻላል፤ ወር በገባ ቁጥር ሰው ይሰበሰብበታል፣ ስለ ዱኒያ ጠፊነትም እስከ ሱብሒ ይባልበታል። ሰውየው በድንገት ሞተ። በጀናዛው ላይ እንደ ወጉ «ሟች ያለበት ዕዳ ካለ ባለመብቱ ይናገር» ተብሎ ታወጀ። ባለመብቶቹ በማግሥቱ መጡ። የእርሱን ገንዘብ የወሰዱት ግን አንድም አልመጣም። ሚስቱ ለታዕዚያ የመጣነውን ሰዎች አንድ በአንድ «ስለ ገንዘቡ የነገራችሁ ነገር አለ?» እያለች ስትጠይቅ ሰምቻታለሁ። ደብተር ተገኘ፤ በደብተሩ ያለው ግን ቅጽል ስምና ምልክት ብቻ ነበር። «ጥቁሩ 4 ሺህ፣ የሐጂ ልጅ 2 ሺህ» የሚል ጽሑፍ ምን ይጠቅማል? ጥቁሩ ማነው? መህሯ በሙሉ ተከፍሏት እንደሆነና እንዳልሆነ እንኳ የሚመሰክር ጠፋ። ያን ሁሉ ሌሊት ስለ ሞት የተባለበት ቤት ለሞት አንድ ገጽ ወረቀት አላዘጋጀም ነበር።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ጥሎ የሞተን ሰው ጀናዛ አንድ ሶሐባ ዕዳውን እስኪረከብ ድረስ ሳይሰግዱበት መቆየታቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። የሚወርስ ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው የሚያስረዳው የኢብን ዑመር ሐዲስም በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ቁርኣኑም በሱረቱ ኒሳእ 11ኛና 12ኛ አንቀጾች የውርስን ድርሻ ሲዘረዝር ክፍፍሉ ከወሲያና ከዕዳ በኋላ መሆኑን አራት ጊዜ ደጋግሞታል። ከዚህ በላይ ምን ማሳሰቢያ ይፈለጋል?

ታዲያ ለምን አንጽፍም? እኔ እንደታዘብሁት ስንፍና ብቻ አይደለም። ሰውየው ለቤተሰቡ «እኔ ብሞት…» ብሎ ሲጀምር «ጠላትህ ይሙት!» ብለው አፉን ያስይዙታል። ሚስት ብትጠይቅ ሞቱን እንደተመኘች ይቆጠርባታል። ልጅ ቢጠይቅ ደግሞ ለውርስ ቸኮለ ይባላል። በዚህ መንገድ ሁሉም ተፈራርቶ ዝም ይላል። ፊት ለፊት ሲነሳ እንደ ሟርት የሚቆጠረውን ነገር በስንኝ ውስጥ ግን ማንም ሟርት ብሎት አያውቅም! ይህ ነው የጥበቡ ልዩ ጥቅም። ግጥሙ ማንንም በስም አይጠራም፤ ሁሉንም ግን ይጠይቃል።

ይህን የተረዱ የሌላ አገር ሰዎች አሉ። በዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ለድሀ ሳይደርስ፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ እናቶች ማኅበር የማስታወሻ መጽሐፍ የሚባል ሥራ ጀመረ። እናትየዋ ከልጇ ጋር ቁጭ ብላ ደብተር ታዘጋጃለች። የዘር ሐረግ ይሳላል፣ ፎቶግራፍ ይለጠፋል፣ ልጁ የተወለደበት ቀን፣ የሚወደው ምግብ፣ የአያቱ መንደር ይጻፋል። እንዲህ እየሳሉና እየለጠፉ ሳለ ከባዱ ጥያቄ ራሱ ይመጣል፤ «አንቺ ስትሞቺ እኔ ማን ጋ ነው የምኖረው?» መልሱም እዚያው ይጻፋል። እናቲቱ «ና፣ ስለ ሞቴ እንነጋገር» ብላ ልጇን ብትጠራው ይሸሻት ነበር። ደብተሩ ግን ለሁለቱም እጅ ሥራ፣ ለዓይናቸውም ማረፊያ ሰጣቸው።

አሜሪካ ውስጥም ካንዲ ቻንግ የተባለች ሠዓሊ የምትወደው ሰው ከሞተባት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ኦርሊንስ ከተማ የአንድ ወና ቤት ግድግዳ ጥቁር ሰሌዳ አድርጋ፣ አላፊ አግዳሚው ከመሞቱ በፊት ሊሠራው የሚሻውን በጠመኔ እንዲጽፍበት አደረገች፤ ብዙ አገሮችም ቀዱት። መልካም ሥራ ነው። ለእኛ ግን ከግድግዳው ይልቅ ደብተሩ የሚሻል ይመስለኛል፤ ግድግዳው ምኞት ያስጽፋል፣ እኛን የቸገረን ግን ዕዳና አደራ ነው።

እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። በወሎ ቅሬ አለ፤ በአዲስ አበባ እድር አለ፤ በሐረር አፎቻ አለ። ሰው የመሰብሰብ ችግር የለብንም። በወር አንድ ሌሊት፣ አውራጁ ስለ ቀብር ከሚያወርደው ቀጥሎ ሌላ እንዲያወርድ ቢጠየቅ ምን ይጎድላል? አዝማቹ ጥያቄ ይሁን፤ ማን ዘንድ አደራህ አለ? የማን ገንዘብ አለብህ? የጾም ቀዷህን ለማን ነገርህ? በየመስጂዱ ግጥም የሚሞክሩ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ይህን ሥጧቸውና ሲጽፉት እዩ። ከዚያ አንድ ኡስታዝ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ወሲያን ያብራራ። ወረቀትና እስክሪብቶ እዚያው ይታደል።

የሴቶቹ ስብሰባ ደግሞ ከወንዶቹ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ አምናለሁ። በቡናው ዙሪያ አያት ትናገራለች፣ የልጅ ልጅ ትጽፋለች። ከትውልድ ሐረግ ይጀመር፤ አያቶቻችን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ከዚያ ወርቁ የማን እንደሆነ፣ የተዋሰችው ጌጥ የማን እንደሆነ፣ ጀናዛዋን ማን እንዲያጥባት እንደምትሻ ይቀጥላል። በዓረብ አገር ተሰደው የሚሠሩ እህቶቻችን ይህ ይበልጥ ያሳስባቸዋል። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሆና ዓመት ሙሉ የላከችው ገንዘብ በወንድሟ ስም ቤት ተሠርቶበት ይሆናል። ቤቱ የእርሷ ስለመሆኑ የተጻፈ ነገር አለ? እዚያው ብትሞት የት ትቀበር ዘንድ ትፈልጋለች? በስልክ «ደህና ነኝ» ከመባባል በቀር ይህን የሚያነሳ የለም። እናት ለልጇ የገጠመችውን የናፍቆት ግጥም በስልክ ቀድታ ስትልክ ጥያቄውን አብራ ብትልከው አንዳች አይከብድም።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ሐዘን በገባ በሦስቱ ቀናት ውስጥ ይህን ማንሳት ጭካኔ ነው። ዒዳ ላይ የተቀመጠችን ሴት መድረክ ላይ አውጥቶ ታሪኳን ማስነገርም እንዲሁ፤ ሕዝብ ማስለቀስ የጥበብ መለኪያ መስሎ የሚታያቸው አንዳንድ አዘጋጆች አሉና ነው ይህን የምለው። የገንዘብ ልኩም በጉባኤ አይነገርም። በጉባኤው የሚማረው አጻጻፉን ነው፤ ይዘቱን እያንዳንዱ በቤቱ ይሞላል።

አጻጻፉን በተመለከተ ጥቂት ልበል። በሸሪዓው ከቀብር ወጪ በኋላ ዕዳ ይከፈላል፣ ቀጥሎ ወሲያ ይፈጸማል፣ የቀረው ለወራሾች ነው። ወሲያ ከንብረቱ ሲሶ አይበልጥም፤ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ታምመው በጠየቁ ጊዜ ሲሶውም ብዙ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ወራሽ ለሆነ ሰው ደግሞ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ ወሲያ አይጸናም። የሙስሊም ውርስና ኑዛዜ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚችል በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ይደነግጋል፤ ሆኖም ተከራካሪዎቹ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ልጅ ብቻ «አልስማማም» ቢል የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሆናልና ወሲያችን በሁለቱም በኩል የሚያስኬድ ቢሆን ብልህነት ነው።

በዚህ ሕግ የቃል ኑዛዜ የሚያገለግለው ለጥቂት ነገር ነው፤ ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች አሳዳሪነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ። ተናዛዡ ሦስት ወር ከኖረም ይፈርሳል። ስለዚህ «ለልጆቼ በአፌ ነግሬያለሁ» የሚለው ብዙ አያስተማምንም። በገዛ እጅ የሚጻፈው ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚገልጽ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት፤ በሰባት ዓመት ውስጥም ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት የሚናዘዙት ኑዛዜ ፈራሽ ነውና ሁለት ወረቀት ይጻፍ። መጻፍ ለማይችሉት አባቶችና እናቶች የሚስማማው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ የሚባለው ነው። ተናዛዡ ይናገራል፣ ሌላ ሰው ይጽፋል፤ ከዚያ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ ተጠቅሶ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ።

ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ነገር ግን ለአንድ ሽማግሌ ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ አራት ምስክር መፈለግ ትልቅ ድካም ነው። በመንዙማው ቤት ግን አርባ ሰው ተቀምጧል። ከእነዚህ ውስጥ በወሲያው የማይጠቀሙ፣ ምሥጢር ጠባቂ የሆኑ አራቱ ወደ ጓዳ ይግቡና ወረቀቱ ይነበብላቸው፣ ይፈርሙ። ሲወጡም ወረቀቱ በየትኛው ሣጥን እንደተቀመጠና ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ለሚስቲቱ ይነገራት።