ቤት ከመሸጡ በፊት ሰነዱ ይቅደም

አገር ቤት ያለ ቤታቸውን ለመሸጥ ያሰቡ እህቶች «ውክልና እንዴት እንላክ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከውክልናው የሚቀድም ሥራ አለ። እርሱም የቤቱን ሰነዶች ለይቶ ማወቅና ማሟላት ነው። በሰው ቤት ለዓመታት ደክማችሁ ያቆማችሁት ጎጆ በአንድ ፊርማ ከእጃችሁ ሊወጣ ስለሚችል ይህን ትምህርት በጥሞና እንድታነቡ እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ የሚሸጠው ምን እንደሆነ እንወቅ። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው በላዩ ላይ የተሠራው ቤት ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ወረቀቶች በቅድሚያ ይታዩ።

1. የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ። በማን ስም ነው? ገንዘቡን እናንተ ልካችሁ ካርታው በአባት ወይም በወንድም ስም ከወጣ፣ ሻጭ ሆኖ የሚፈርመው ባለ ካርታው ነው። ይህ ጉዳይ ገዢ ሳይፈለግ በፊት በቤተሰብ ወይም በሕግ ይለቅ። ገንዘብ የላካችሁባቸውን ደረሰኞች አትጣሉ፤ ማስረጃ ናቸው።

2. የስም አንድነት። ለጉዞ በወጣው ፓስፖርት ላይ ያለው ስም በካርታው ላይ ካለው ስም ከተለየ ሥራው ይቆማል። ልዩነቱ አስቀድሞ ይስተካከል።

3. ዕዳና እገዳ። ካርታውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ቤቱ በባንክ እንዳልተያዘና በፍርድ ቤት እንዳልታገደ ያረጋግጥ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንኩ ብድር ተከፍሎ ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ይያዝ።

4. የጋብቻ ሁኔታ። ያገባች የጋብቻ ማስረጃ፣ ያላገባች ያላገባች መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ ታዘጋጅ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራበት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት፣ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ባልና ሚስት ስምምነት አይሸጥም። በጋብቻ ውስጥ በደመወዝ የተሠራ ቤት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ እናንተ ብቻችሁን እንደማትሸጡት ሁሉ፣ አገር ቤት ያለው ባልም ብቻውን ሊሸጠው አይገባም። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ቤቱ ባለበት ቦታ ይጠየቅ።

5. የግብር ደረሰኞች፣ ቤቱ የተገዛበት ውል ወይም የግንባታ ፈቃድ። እነዚህም በአንድ ማኅደር ይቀመጡ።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ውክልና ይመጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2205 እንደሚለው ወኪል ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር ቤት መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ውክልናው የትኛው ቤት እንደሆነና ወኪሉ ምን ማድረግ እንደሚችል በግልጽ ይናገር። ቤቱን እንዲያከራይና እንዲጠብቅ ብቻ ከፈለጋችሁ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ቃል አይግባበት። እንዲሸጥ ከፈለጋችሁም ገንዘቡ በቀጥታ በስማችሁ ወዳለው የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ይጻፍ። ሳታነቡት ወይም የምታምኑት ሰው ሳያነብላችሁ አትፈርሙ። በቆንስላ የተፈረመው ውክልና አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በውልና ማስረጃ በኩል ያልፋል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ውክልናውን መሻር ትችላላችሁ፤ መሻሩን ግን ለወኪሉም ለውልና ማስረጃም በጽሑፍ አሳውቁ።

የካርታውን ዋና ቅጂ ለደላላ አትስጡ። የሁሉንም ወረቀት ቅጂ እናንተም ዘንድ አስቀምጡ።

ለመወያያ፦
ሀ. የቤታችሁ ካርታ በማን ስም ነው? ቅጂው በእጃችሁ አለ?
ለ. ከዚህ በፊት የሰጣችሁት ውክልና ካለ፣ መሸጥን ይጨምራል?

መልሱን የማታውቁ ከሆነ በዚህ ሳምንት ወደ ቤተሰብ ደውላችሁ ጠይቁ። ላባችሁ የፈሰሰበት ነውና መጠየቅ አያሳፍርም።