የብድር መዝገብ ሲሳሳት ማን ይጠየቃል?

«ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» ይባላል። ብድር ፈላጊ ነጋዴ ግን ስሙ በቁሙ የሚመዘነው ባንክ ባለው መዝገብ ነው። ያ መዝገብ ከተሳሳተ ደህናው ከፋይ እንደ ዕዳ በላተኛ ይቆጠራል።

መረጃው የት ይገኛል?

በሀገራችን የተበዳሪዎችን መረጃ የሚያሰባስበው በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የብድር መረጃ ማዕከል ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ቁጥር ሲአርቢ/01/2012 ይህንኑ አሠራር ይመለከት ነበር። ባንኮች የደንበኞቻቸውን የብድር መጠንና የአከፋፈል ሁኔታ ለማዕከሉ ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም ከዚያው ይጠይቃሉ። አንዱ ባንክ የጻፈውን ሌላው ያነባል ማለት ነው። ማዕከሉ ነጋዴውን በአካል አያውቀውም፤ የሚያውቀው የተላከለትን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቀን ትልቅ ቦታ አለው። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከጤናማ ብድሮች ተራ ወጥቶ ከተበላሹት ይመደባል። የተከፈለ ገንዘብ በወቅቱ ሳይመዘገብ ከቀረ፣ ወይም የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር ከተምታታ፣ ጥፋት የሌለበት ሰው ከጥፋተኞች ይሰለፋል።

ስሕተቱ ምን ያስከትላል?

እንበል አንድ የጎንደር እህል ነጋዴ ከዳባትና ከደባርቅ ገብስና ባቄላ ሰብስቦ ለመሸጥ ብድር ይጠይቃል። ቀድሞ የነበረበትን ዕዳ ከፍሎ ጨርሷል፤ መዝገቡ ግን ገና እንዳልተዘጋ ያሳያል። ጉዳዩ እስኪጣራ አንድ ወር ቢፈጅ ምርቱ በርካሽ የሚገኝበት ወቅት ያልፍበታል። ወይ ገበያውን ይተወዋል፣ ወይ አራጣ አበዳሪ ደጅ ይሄዳል። ኪሳራውን የሚሸከመው ስሕተቱን የሠራው ሳይሆን የተሠራበት ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ፣ መንገዶችም በየጊዜው ተዘግተው ነበር። በዚያ ጊዜ ክፍያ የነበረበት ሁሉ የተመዘገበበትን ቀን ከደረሰኙ ጋር ቢያመሳክር ይጠቀማል።

የስም መመሳሰልም ሌላው ችግር ነው። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም የሚጋሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። በዚያ ላይ «ፀሐይ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በየባንኩ ልዩ ልዩ ሆኖ ይጻፋል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የፋይዳ መታወቂያ የሚጠቅሙት ለዚህ ነው።

የሌሎች ሀገሮች ልምድ

አሜሪካ የብድር መረጃ ሕጓን ያወጣችው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ተበዳሪው አቤቱታ ሲያቀርብ መረጃ ሰብሳቢው ድርጅት በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ እንዲያጣራ ይገደዳል። ያም ሆኖ የዚያው ሀገር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከመቶ ሸማቾች አምስቱ ብድር ሊያስወድድባቸው የሚችል ስሕተት በመዝገባቸው ተገኝቷል። በጎረቤት ኬንያ ተበዳሪው በዓመት አንድ ጊዜ መረጃውን በነፃ የማየት መብት አለው።

በእኛ ሀገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይና የተሳሳተው እንዲታረም እንዲጠይቅ መብት ሰጥቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያም ባንኮች ቅሬታ የሚቀበሉበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል፤ መልሱ ያላረካው ደንበኛ ለብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይችላል።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

1. የእያንዳንዱን ክፍያ ደረሰኝ ብድሩ ከተዘጋ በኋላም ያስቀምጥ።
2. ዕዳው ሲያልቅ የመዝጊያ ደብዳቤ ይቀበል፤ በመያዣው ላይ ያለው ዕገዳም እንዲነሣ ያስደርግ። ዋስ የሆነ ዘመድም ቅጂውን ይያዝ።
3. ብድር ሲከለከል ምክንያቱን፣ መረጃውንም የላከው የትኛው ባንክ እንደሆነ ይጠይቅ።
4. የእርማት ጥያቄውን መረጃውን ለላከው ባንክ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ቅጂውን በቀንና በማኅተም አስፈርሞ ያስቀር።
5. ወቅቱ ሳይደርስ፣ ብድር ከመጠየቁ ከወራት በፊት መዝገቡን ያጣራ።

በቃል የቀረበ አቤቱታ ማስረጃ አይሆንም። ባንክ ከተበዳሪው ፊርማና ቀነ ገደብ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ተበዳሪውም ስለ እርማቱ ከባንኩ ፊርማና ቀነ ገደብ ሊጠይቅ ይገባዋል።