ቀይ ቀበሮ ቀጠሮ አይሰጥህም

ክረምቱ ወጣ። ሰማዩ ጠራ። ሜዳው ቢጫ ለበሰ። አንተስ? ዛሬም ሶፋ ላይ ተጋድመህ የሰው ፎቶ ላይክ ታደርጋለህ?

ተነስ!

«ጊዜ የለኝም» ትላለህ። «እኔና ተራራ አንተዋወቅም» ትላለህ። አምናም ይህንኑ ብለሃል። ከርሞም ልትደግመው ነው?

በጥቅምት ወይም በኅዳር ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውጣ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። እኛ ግን ገና «አንድ ቀን እሄዳለሁ» ላይ ነን። የትኛው ቀን? ቁረጠው!

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ዲንሾ ነው። እዚያ ጥዱና ኮሶው ሥር የደጋ አጋዘን ታያለህ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አታገኘውም። ከዚያ ወደ ሳነቴ አምባ ውጣ። 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነህ። ዛፍ የለም፤ ጅብራው ብቻ እዚህም እዚያም ቀጥ ብሎ ቆሟል። መኪናው እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ድረስ ይወጣል። አንተ ግን ውረድና በእግርህ ሂድ።

ትንፋሽህ ያጥራል። አትደንግጥ። እዚህ ጉልበተኛ መሆን ብዙም አይጠቅምም። ዝግ ብለህ ተራመድ። ውኃ ጠጣ። እረፍ። ደግመህ ተራመድ።

አሁን አስተማሪህን ፈልግ፤ ቀይ ቀበሮን።

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ የሚበልጡት ያሉት ባሌ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በቡድን ነው፤ አይጥና ፍልፈል ሲያድን ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። እንዴት እንደሚያድን ልብ በል። የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ዓይኖቹ ወደ አናቱ የተጠጉ ናቸው። ከጉድጓዱ ሳይወጣ ዙሪያውን ይሰልላል። ሰላም መሆኑን ሲያምን እስከ ወገቡ ብቅ ብሎ ሣር ይነጫል። ቀበሮው ይህን ያውቃል። ሆዱን ከመሬት አጣብቆ፣ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። ጥቂት ይራመዳል፤ ይቆማል። ደግሞ ይጠጋል። ከዚያ ዘሎ ይወረወራል።

ሁልጊዜ ይሳካለታል? አይሳካለትም። ሲስት ምን ያደርጋል? ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ይሄዳል! አያኮርፍም። ዕድሉን አያማርርም።

አንተስ አንድ ጊዜ ሞክረህ የተውከው ስንት ነገር አለ? ጂሙ? ቋንቋው? የጀመርከው ንግድ?

ካሜራ ለያዘም የቀበሮው ሕግ ያው ነው፦ ጠብቅ፣ ደግመህ ሞክር። ቀይ ቀበሮ ቀጠሮ አይሰጥህም። ስለዚህ ቀድመህ ተገኝ።

በማለዳ ተነስ። ከፓርኩ አስጎብኚ ጋር ውጣ፤ የሚልህን ስማ። ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርግ። ትርፍ ባትሪህን ደረት ኪስህ ውስጥ ያዝ፤ ብርድ ቶሎ ይጨርሰዋል። ከዚያ ቁጭ በል። አታባርር። አታፏጭ። ምግብ አትወርውር። እንስሳው ከሸሸህ ከሚገባው በላይ ቀርበሃል ማለት ነው።

ውድ ካሜራ የለህም? ስልክህን አውጣ! አጋዘኑ ትንሽ ሆኖ ቢወጣም ተራራው አብሮት ይወጣል።

ወፍራም ጃኬትም አትርሳ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች የወሩን ብርድ ያውቁታል።

ልምምዱ ግን ባሌ አይጀመርም። ዛሬ፣ እቤትህ ይጀመራል። ሊፍቱን ተወው፤ በደረጃው ውጣ። ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦን፣ ወይም ከተማህ አጠገብ ያለውን ጋራ ውጣ። ግቢህ የምታርፈውን ወፍ ሳትነቃነቅ አሥር ደቂቃ ተመልከታት፤ ከዚያ ፎቶ አንሳት። ከማኪያቶህ ቀንስና ለጉዞው አስቀምጥ። ጓደኞችህን አስተባብር፤ የመኪናውን ወጪ ተካፈሉት።

ይከብዳል? ትንሽ። ይቻላል? በደንብ!

ተራራ ወጪ ሆኖ የተወለደ ሰው የለም። ትዕግሥተኛ ሆኖ የተወለደም የለም። ሁለቱም የሚገኙት በመወሰንና ደጋግሞ በመሥራት ነው። አንተም ትችላለህ፤ ሰበብህን ብቻ እቤት ተወው።

ቀኑን አሁን ቁረጥ። ከጓደኞችህ ለአንዱ ደውልለትና «ተዘጋጅ፣ እንሄዳለን!» በለው።